ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ

ጥቅምት 4

ለቁንጫዬ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ከፖስታው ውስጥ የብስኩት ፍርፋሪ ወጣ። እየበላሽ እንደጻፍሽው ገባኝና ደስ አለኝ፤ የሚበላ ሰው ደህና ነው። አባባን ሳሚልኝ። አለቃ ወንድምሽንም ሳሚልኝ፣ ጉንጬን አልሰጥም ካለ ጆሮውን ጎትተሽ ሳሚው። ካንቺ በጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ስለተወለደ ብቻ በመንታው ላይ ሽማግሌ መሆኑን እኔ አልቀበልም።

አይ፣ አልቸኮልኩም። አንቺ ዘጠነኛ ገባን እንጂ ኮሌጅ ገና ነው ትያለሽ፤ እኔም እንዳንቺ ገና ነው ብዬ ነበር። አስራ ሁለተኛን ስጨርስ ከክፍሉ አንደኛ እንደነበርኩ አባባ ለመንገደኛው ሁሉ ስለሚያወራ ታውቂዋለሽ። የማታውቂው ቀጥሎ ያለውን ነው። ለኮሌጁ ነፃ ትምህርት ልመዘገብ ስሄድ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሴትዮ ውጤቴን አየችና ፈገግ አለች። ከዚያ «የዘጠነኛሽስ?» አለችኝ። ዘጠነኛ ክፍል የነበርኩት እናታችን ያረፈች ዓመት ነው። እናንተ ጫማችሁን ማሰር እንኳን አትችሉም ነበር። ያን ዓመት ትምህርት ቤት የምሄደው እንቅልፌን ልተኛ ነበር ማለት ይቻላል። ሴትዮዋ ወረቀቴን አጥፋ መለሰችልኝና «ልጄ፣ እኛ የምናየው ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው» አለችኝ። ክፉ ሴት አልነበረችም። ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እናንተ ግን የሚነግራችሁ ሰው አላችሁ።

ስለዚህ ጮክ ብለሽ ለአለቃ አንብቢለት። ከዛሬ ጀምሮ የምታመጡት ውጤት ሁሉ ይቆጠራል። ኮሌጁ ደግሞ ማርክ ብቻ አይቶ አይወስድም፤ መጽሐፍ የምታነቡ መሆናችሁን ይጠይቃል፣ ለሰፈራችሁ ምን እንደሠራችሁ ይጠይቃል፣ ድርሰት ያስጽፋል። አስተማሪም ስለ እናንተ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፍ ይፈልጋል። አስተማሪ የሚጽፈው ለሚያውቀው ልጅ ነው። አራት ዓመት ከኋላ ተደብቃችሁ ኖራችሁ በመጨረሻ «ቲቸር፣ ጻፍልን» ብትሉት «እናንተ ደግሞ እነማን ናችሁ?» ነው የሚላችሁ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ፋብሪካው ውስጥ አጠገቤ ኮሌታ ከምትሰፋው ልጅ ነው፤ ወንድሟ እዚያ ኮሌጅ ነው የሚማረው።

ስልኩ ለሰላምታ ይሁን። በስልክ ሁላችንም ደህና ነን። አባባም ድምፁን ለቆ ጎረቤቱን ሁሉ ስለሚሰበስብ የልብ ነገር አይወራበትም። የልብ የልቡን በወረቀት እንጻጻፍ።

ጣቷ ላይ ክር የተጠመጠመባት
እህትሽ


ታኅሣሥ 17

እትዬ፣

እሺ ብለናል። አለቃ መጀመሪያ «እትዬ ፋብሪካ ገብታ አዛዥ ሆና ወጣች» ብሎ ሳቀ። የመስኮቷን ሴትዮ ነገር ሳነብለት ግን ወረቀቱን ነጥቆኝ ራሱ ደገመው። በማግስቱ ከአባባ የተረፈ ጥቁር ቀለም ለመነና የክፍላችንን አንድ ግድግዳ ሰሌዳ አደረገው። አሁን ጠዋት ስነሳ ዓይኔን ሳልታጠብ የሒሳብ ጥያቄ ይጠብቀኛል። እኔ ደግሞ በተራዬ ያነበብነውን መጽሐፍ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፍ እለዋለሁ። እሱ በሁለት ይጨርሰዋል፣ «ሌላው ወሬ ነው» ይላል።

አልቅሰሽ ነበር ወይ ላልሽኝ፣ አዎ፣ አልቅሻለሁ፤ ግን ጥቂት ነው። ሒሳብ ላይ ያመጣሁት ያስለቅሳል። የሒሳብ አስተማሪያችን ሰምቶ ሁለታችንንም ከፊት አስቀመጠን። አሁን ብንፈልግም መደበቅ አንችልም።

ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ትንንሽ ልጆችን ማንበብ እናስተምራለን። አለቃ ሲያነብላቸው አንበሳም ይሆናል፣ ዝንጀሮም ይሆናል፣ ሲፈልግ ደግሞ የአንበሳው ሚስት ይሆናል። ልጆቹ እሱ ጋ ይጋፋሉ። እኔ ጋ የሚመጡት ቦታ ያጡት ናቸው።

አባባ ደህና ነው፤ ሲያስነጥስ ሰማያዊ ይወጣዋል። የትልቁን ሱቅ በር እየቀባ ነው።

ቁንጫሽ

(በወረቀቱ ጠርዝ፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት) እትዬ፣ አትስሚያት። ልጆቹ የሚሸሿት ስለምትቆጣቸው ነው። አለቃ።


ሰኔ 9

ለሁለታችሁም፣

አምና የዘጠነኛውን፣ ዘንድሮ ደግሞ የአስረኛ ክፍል ውጤታችሁን ትራሴ ስር አድርጌ ተኛሁበት። ክፍሉን የሚጋሩኝ ልጆች «የፍቅር ደብዳቤ ነው?» አሉኝ። «ከዚያም ይበልጣል» አልኳቸው።

አዎ፣ ጠይቄላችኋለሁ። ከአንድ ቤት ሁለት ልጅ አንወስድም የሚል ደንብ የለም። የዚያች ኮሌታ የምትሰፋው ልጅ ወንድም መንታ መሆናችሁን ሲሰማ «ታዲያ አንድ መታወቂያ ይበቃቸዋል» ብሎ ሳቀ። ቁንጫ፣ ያን ነገር ከሆድሽ አውጪው። እሱ ከገባ አንቺ ትቀሪያለሽ፣ አንቺ ከገባሽ እሱ ይቀራል የሚባል ነገር የለም። መንገዱ ለሁለት ይበቃል።

ባለፈው ሥራ ላይ ሆኜ ሁለታችሁ በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ሻንጣ ተጣልታችሁ ስትሄዱ በሐሳቤ አየሁና ብቻዬን ሳቅሁ። የፋብሪካው አለቃዬ «ምን ያስቅሻል?» አለችኝ። «ኮሌታው» አልኳት። ኮሌታውን አንስታ ሁለት ጊዜ አገላብጣ አየችው።

እህታችሁ


ጥር 19

እትዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ፈተና ነበረን። ከዚያ ደግሞ ፖስታ ቤቱ ተዘግቶ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ... ብቻ ይቅርታ።

አባባን ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ነው። ወገቡን ትንሽ ስላመመው ቤት አርፏል። ቀለም ቀቢ ወገቡን ሳያመው ቀርቶ ያውቃል? አለቃም ሰላም ብሎሻል።

የአስራ አንደኛ ክፍል የመጀመሪያ ውጤቴን ልኬልሻለሁ። ፊዚክሱ እንደፈራሁት አልሆነም። ቅዳሜ ማስተማሩንም አላቋረጥኩም፤ አሁን ልጆቹ እኔ ጋ መምጣት ጀምረዋል። የሒሳቡ ቲቸር ለድርሰቱ ከአሁኑ እንዳስብበት ነግሮኛል። ስለ ምን እንደምጽፍ ግን አላውቅም። ልጽፍ ስቀመጥ ሁሉም ነገር የሰው ይመስለኛል።

እናንተ ጋ ብርዱ እንዴት ነው? እዚህ ነፋሱ አስቸግሮናል።

ቁንጫሽ


የካቲት 6

ቁንጫ፣

ውጤትሽን አየሁት፣ ጎበዝ። አሁን ደግሞ የሌላኛውን ላኪልኝ።

ከስፌት ወደ ጥራት ቁጥጥር እንዳዛወሩኝ ነግሬሻለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው የሰፋውን እያየሁ ነው የምውለው፤ የተዘለለ ስፌት ከሩቅ ይታየኛል። ደብዳቤሽ ውስጥ አለቃ ያለው አንድ መስመር ላይ ነው፣ እሱም «ሰላም ብሎሻል» ነው። ለመሆኑ አለቃ ሰላም ብሎ ያውቃል? ተሳድቦ ነው ሰላም የሚለው። ጠርዙ ላይም አልጻፈልኝም። ልጆቹ አንቺ ጋ መምጣት ጀምረዋል ብለሻል። እሱ የት ሄዶ?

አባባን ደውዬ ጠየቅሁት፤ «ሁላችንም ደህና ነን» አለኝ። ድምፁ ግን የተኛ ሰው ድምፅ ነው። የደወልኩት በቀን ነበር።

እንዳትዋሺኝ። ከሩቅ ሆኜ የምገምተው ከእውነቱ ይብሳል።

እህትሽ


የካቲት 20

እትዬ፣

ማሪኝ። አባባ አስምሎን ነው። «ከነገራችኋት ሥራዋን ጥላ ትመጣለች፣ ከመጣች ሁላችንም እዚሁ እንቀራለን» ብሎ ነው ያስማለን።

አባባ ከመሰላል ወደቀ። የመድኃኒት ቤቱን የፊት ግድግዳ እየቀባ ነበር። መሰላሉ የቆመበት ጡብ ተሰበረ። ዳሌው ነው የተጎዳው። ሐኪሙ በምርኩዝ ይሄዳል ብሏል፤ ከእንግዲህ መሰላል ላይ ግን አይወጣም። አሁን አልጋው ላይ ሆኖ ጣሪያውን እያየ የት የት ቀለሙ እንደተላጠ ይቆጥራል።

የዚያን ዕለት እኔና አለቃ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆመን ነበር።

«ግድግዳ ግማሹ ተቀብቶ አይተውም። ነገ ሄጄ እጨርሰዋለሁ» አለኝ።

«እኔም እመጣለሁ።»

«አንቺ ወንበር ላይ ስትቆሚ ያዞርሻል።»

«ታች ታቹን እቀባለኋ።»

«ቁንጫ፣ ቢያንስ አንዳችን ሳናቋርጥ መማር አለብን። እትዬ ያለችውን ረሳሽው?»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ለሳምንት የሚሆን መስሎኝ ነበር። መድኃኒት ቤቱን ሲጨርስ ባለቤቱ ወደ ወንድሙ ቤት ወሰደው። እሱን ሲጨርስ ደግሞ ሌላ ሰው ጠራው። እጁ ንጹሕ ነው ይሉታል፤ ከአባባ ይበልጣል የሚሉም አሉ፣ ይህን አባባ አልሰማም። በኋላ ትምህርት ቤቱ ስሙን ሰረዘው። ቲቸር አሁንም ስም ሲጠራ የሱ ተራ ጋ ሲደርስ ትንሽ ያቆምና ቀና ብሎ ያየኛል።

አለቃ አመሻሽ ላይ ሲገባ እስከ ክርኑ ነጭ ሆኖ ነው። ሰሌዳው ላይ ጥያቄ እጽፍለታለሁ፣ ፊቱን ወደዚያ አያዞርም። የጻፍኩት እንዲሁ ሲቆይ ትናንት እኔው አጠፋሁት።

እንዳትመጪ። አንቺ ከመጣሽ እሱ ለምን ቀረ?

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ግን ንገሪኝ። እኔ እያሰብኩ ያገኘሁት አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሷም እኔ ነኝ።


መጋቢት 3

ቁንጫዬ፣

ደብዳቤሽን መጸዳጃ ቤት ገብቼ ነው ያነበብኩት። እዚህ ማልቀሻ ቦታ ሌላ የለም።

ሻንጣዬን ከአልጋው ስር አወጣሁት፣ መልሼ አስገባሁት። ከዚያ አባባ ጋ ደወልኩ። «እዚያው ሁኚ፣ የቀረኝንም ዳሌ እንዳታሰብሪኝ» አለኝና ዘጋው። ስልክ ዘግቶብኝ አያውቅም ነበር። ስለዚህ አልመጣም፤ ተጨማሪ ፈረቃ ጠይቄ ገብቻለሁ።

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የማንም አይደለም፤ ጡብ ነው የተሰበረው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የኔ ዘጠነኛ ክፍል ለእናንተ መዋሉ ቆጭቶኝ አያውቅም፣ እውነቴን ነው። እሱ አስራ አንደኛውን ሲሰጥ ግን አንጀቴ ተቆረጠ። እኔ ጋ ያልቃል ብዬ ነበር።

አደራ ወስደሻል። አደራ ደግሞ በለቅሶ አይመለስም። እንባሽን ጥረጊና አጥኚ። ለአለቃ አልጻፍኩለትም። እንዳይወድቅ ብቻ ንገሪው። ከመውጣቱ በፊት መሰላሉ የቆመበትን ይይ።

እህትሽ


ኅዳር 11

እትዬ!

አለቃ ያፏጫል!

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ቲቸር አባባን ሊጠይቅ ቤት መጣ። አባባ ምርኩዙን ይዞ በር ድረስ ተቀበለው፤ አሁን እስከ መንገዱ ይደርሳል። ቲቸር ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ አየና አለቃን «የኮሌጁን መግቢያ ፈተና እኮ በግል መፈተን ይቻላል፣ ለምን አትመዘገብም?» አለው። አለቃ ትከሻውን ነቀነቀ። በማግስቱ ግን ሳይነግረኝ ሄዶ ተመዘገበ። ትምህርት ቤት ዘንድሮ አስራ ሁለተኛ ነን፣ እሱ ባይኖርም አሁንም «ነን» ነው የምለው።

አሁን የቀለም ባልዲዎቹ ክዳን ላይ ቀመር ይጽፋል። ምሳውን እየበላ ክዳኑን ያጠናል። ሥራ የሰጡት ሴትዮ «ክዳኑ ላይ ምን አስማት ነው የምትጽፈው?» ብለው ሊያስወጡት ነበር። እኔ የቸገረኝን ከክዳኑ ላይ ያስረዳኛል። ትናንት ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጽፎ ጠበቀኝ። ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ጥያቄው ከብዷት ነው ብሎ አቀለለልኝ።

ታዲያ አንድ ነገር ጠይቂልን። ኮሌጁ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ይቀበላል? ቲቸር በእርግጥ አላውቅም ብሏል። ቅርንጫፍ ቢሯቸው እናንተ ከተማ አይደል? ለአለቃ እንዳትነግሪው፣ መጀመሪያ እኔ ልወቀው።

ቁንጫሽ

(በጠርዙ ላይ) እትዬ፣ ይህች ልጅ አሁንም ልጆቹን ትቆጣለች። አለቃ።


ታኅሣሥ 2

ቁንጫዬ፣

ይህን ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

በእረፍት ቀኔ ቢሮው ሄድኩ። ከመስኮት ጀርባ መስሎኝ ነበር፣ አሁን ጠረጴዛ አድርገውታል። የተቀመጠው ወጣት ነው፣ ትሑት ልጅ ነው። ወንበር ሳበልኝ። ከአባባ መሰላል እስከ ባልዲው ክዳን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ከዚያ ደንቡን አውጥቶ ወደ እኔ አዞረው። ከዘጠነኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል፣ ያልተቋረጠ።

«አባቱ ወድቆ ነው እኮ» አልኩት።

«ገብቶኛል፣ እህቴ።»

«ታዲያ ለምን ፈተናውን በግል ታስፈትናላችሁ?»

«ፈተናው ለሁሉም ክፍት ነው። የተማሪው ፋይል የሚታየው ከፈተናው በኋላ ነው።»

«አንደኛ ቢወጣስ?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አንደኛ የወጣ ልጅ ተመልሶ አያውቅም። ፋይሉ የጎደለ ልጅም ገብቶ አያውቅም። ሁለቱ ባንድ ልጅ ላይ ሲገጥሙ እኔ አላየሁም» አለኝ።

ይህን ይዤ ወጣሁ። ተስፋ ነው እንዳልል ቀጭን ነው፣ አይደለም እንዳልል ሰውየው አሰበ። ደረጃው ላይ ቆሜ ለረጅም ጊዜ የሰው መኪና ሳይ ነበር።

ይነገረው ወይስ አይነገረው? እኔ ከዚህ ሆኜ መፍረድ አልችልም። ፊቱን የምታዪው አንቺ ነሽ። ብትነግሪውም አልቀየምሽም፣ ባትነግሪውም አልቀየምሽም።

እህትሽ


የካቲት 15

እትዬ፣

አልነገርኩትም። ስሚኝና ፍረጂ።

ልነግረው ሄጄ ነበር። የዳቦ ቤቱን ጣሪያ እየቀባ አገኘሁት።

«ምነው መጣሽ?» አለኝ ከላይ።

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ የሚመጣ ሰው ይህን ሁሉ መንገድ አይሄድም። አባባ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያውስ እንኳን መጣሽ። ያቺን የማትፈታዋን ጥያቄ ፈታኋት!»

መሰላሉ ላይ እንደቆመ በብሩሹ አየር ላይ እየጻፈ ያስረዳኝ ጀመር። ቀለሙ ግንባሬ ላይ ይንጠባጠባል። እትዬ፣ ያን ፊቱን ካየሁት ቆይቼ ነበር። የሞተ መስሎኝ ነበር። ልነግረው አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ቃል «ጎበዝ» ነው። ስመለስ መንገዱን ሙሉ «አንደኛ ይወጣ ይሆናል» እያልኩ ሄድኩ።

ፈተናውን አብረን ተፈተንን። የአባባን ኮት ለብሶ፣ ጥፍሩን በነጭ ጋዝ ፈትጎ። ፈታኟ አጠገቡ ስትደርስ አፍንጫዋን ያዘች። ሲወጣ እየሳቀ ነበር። «ቀላል ነበር አይደል?» አለኝ። «ለማን?» አልኩት።

ድርሰቴ ስለ ምን እንደሆነ ጠይቀሻል። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ልጆች ነው። ስለ አባባና ስለ አለቃ ጻፊ፣ ያስለቅሳቸዋል ያለኝ ሰው ነበር። ልጽፍ ጀምሬ ቀደድኩት። የሱን መሰላል እኔ ልወጣበት አልፈለግሁም።

ቁንጫሽ


ሰኔ 21

ቁንጫ፣

አባባ በስልክ ሲጮህ ጎረቤት ብቻ ሳይሆን እኛም ፋብሪካ ተሰማ። አለቃ አንደኛ! ከሁሉም በላይ! አንቺም ያለፉት ውስጥ ነሽ። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ዛሬ ጥራት ቁጥጥር ላይ ያሳለፍኳቸውን ሸሚዞች ማንም እንዳይለብሳቸው፤ ምንም አላየሁም።

ፋይሉ ሲታይ የሚሆነውን አሁን አትንገሪው። ለአባባም አትንገሪው። ጥቂት ቀን ደስ ይበላቸው። እኔም ለራሴ የነገርኩት ይህንኑ ነው።

እህትሽ


ሐምሌ 30

እትዬ፣

ቲቸር ራሱ መጣ። በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ፤ ያኔ አወቅሁ።

ኮሌጁ ድረስ ሄዶ ተከራክሮ ነው የመጣው። «አንደኛ የወጣ ልጅ ነው ብዬ ጮህኩባቸው። እናውቃለን፣ እናዝናለን አሉኝ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ነፃ ትምህርቱን ማግኘቴን ነገረኝ፤ የሰው ዕዳ እንደሚናገር ሰው ቀስ ብሎ። አባባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አለቃ ግን ለቲቸር ወንበር አቀረበለት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ደከሙ» አለው። ውሃ ቀድቶ ሰጠው፤ እስኪጠጣ ጠብቆ ብርጭቆውን ተቀበለው። እስከ መንገዱም ሸኘው።

ቤታችን ተቀብቶ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ። አባባ «የቀቢ ቤት ተራው አይደርሰውም» ይል የለ? በማግስቱ አለቃ ሥራ አልሄደም። ዕቃውን ሁሉ ወደ መሃል ሳበና ክፍላችንን ነጭ ይቀባ ጀመር። ሰሌዳው ላይ ሲደርስ አላቆመም። ጥቁር ስለሆነ አንድ ጊዜ አልሸፍን አለው፤ ደገመው፣ ሲደርቅ ሠለሰው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«ታውቂ ነበር» አለኝ ሳይዞር። ጥያቄ አልነበረም።

«አውቅ ነበር።»

«እትዬስ?»

«እሷም።»

ብሩሹን ባልዲው ጠርዝ ላይ ጠረገ። ብዙ ጠረገው። የሚጮህብኝ መስሎኝ ነበር፣ ቢጮህብኝም ደስ ባለኝ።

«እንኳን አልነገራችሁኝ» አለ። «እነዚያን ወራት ተማሪ ነበርኩ።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተናገረም። ይበላል፣ ይሠራል፣ ከአባባ ጋር ስለ ቀለም ያወራል። ፉጨት የለም።

እትዬ፣ እኔ አልሄድም። እንዴት አድርጌ እሄዳለሁ? ሁለተኛ የወጣ ሰው እንኳን አይደለሁም። ስሜን ለማግኘት በጣት ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል።


ነሐሴ 16

ቁንጫዬ፣

ትሄጃለሽ።

አንቺ ብትቀሪ እሱ አይማርም። አንድ ቤት ሁለት የቀረ ሰው ይኖረዋል፣ እኔ ስጨመር ሦስት።

ለአለቃ ጻፍኩለት፣ ልንገርሽ። እኔ ሥራዬን ለቅቄ ልምጣ፣ አንተ አስራ አንደኛ ተመለስ አልኩት። መልሱን የራሴው ደብዳቤ ጀርባ ላይ ጽፎ ላከልኝ። «እትዬ፣ ጢሜን ይዤ ከልጆች ጋር አልቀመጥም። አንቺ ሸሚዝሽን ተቆጣጠሪ።» ሳቅሁ፣ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ለከርሞም እጠይቀዋለሁ፣ ከዚያም ወዲያ እጠይቀዋለሁ። እሺ ይለኛል ብዬ አላታልልሽም።

ስትሄጂ ይቅርታ አትጠይቂው። ይቅርታ ከጠየቅሽው ሊያጽናናሽ ይገደዳል። ያን ሥራ አትጨምሪበት።

ሻንጣሽን እሱ ይሸክም፤ እምቢ እንዳትዪው።

እህትሽ


ጥቅምት 22

እትዬ፣

አራት ልጆች አንድ ክፍል ነን። መስኮታችን የልብስ ማጠቢያውን ያያል። ምግቡ ደህና ነው፣ ብርድ ልብሱ ይበላል። ከልጆቹ አንዷ በእንቅልፍ ልቧ ኬሚስትሪ ትናገራለች፣ አንዳንዴ ትሳሳታለች።

እንዴት ተለያያችሁ ላልሽኝ፣ እንዳልሽኝ አደረግሁ። ሻንጣዬን ተሸከመ። ረዳቱን «አንተ አታስረውም፣ ስጠኝ» ብሎ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ራሱ አሰረው። ወርዶ እጁን በሱሪው ጠረገና ዘረጋልኝ። ተጨባብጠን አናውቅም እኮ! ስንጣላ ኖርን እንጂ። እንደ ትልቅ ሰው ጨበጠኝ። እጁ ሻካራ ነው። አባባ ከኋላ ምርኩዙን ከፍ አድርጎ ያወዛውዝ ነበር። አውቶቡሱ ሲነሳ አለቃ አባባን በክንዱ ያዘው፤ ዞረው ሄዱ፣ በአባባ እርምጃ ልክ፣ ቀስ እያሉ።

ደስ ብሎሻል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። የምነግርሽን አላውቅምና የሆነውን ልንገርሽ።

ባለፈው ሰኞ የመጀመሪያው የሒሳብ ትምህርት ነበር። አዳራሹ ሰፊ ነው፣ ሁላችንም ከየትምህርት ቤታችን የተለቀምን ስለሆንን ማንም ከማንም ጋር አያወራም። አስተማሪው ጥያቄ ጽፎ ተቀመጠ። ከብዶኝ ነበር፤ ቆይቶ ተፈታልኝ። ስጨርስ ወደ ግራዬ ዞርኩ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በግራዬ የሚቀመጠው አለቃ ነው፤ ካቋረጠ በኋላም ማታ ማታ ስናጠና በግራዬ ነበር። ስዞር ሁልጊዜ እሱ ቀድሞኝ ጨርሶ፣ እጁን አጣጥፎ፣ «ዛሬም አረፈድሽ?» በሚል ዓይን ሲያየኝ ነው የማገኘው። ሳላስበው ነው የዞርኩት። ደግሞም እየሳቅሁ።

በግራዬ የማላውቃት ልጅ ነበረች። ልኮርጅባት መስሏት ወረቀቷን በእጇ ሸፈነችው።

«ይቅርታ» አልኳት፤ ወደ ፊቴ ዞርኩ።

ቁንጫሽ